ስለ ዘጋቢ ፊልም ልዩ ልዩ አቀራረብ፤ ከመንዝ ጓሳ አንጻር

በመንዝ ጌራ ምድር፥ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወዲያ ያለው የጓሳ ደጋ፥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፥ ስፋቱም 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የሣር አገር ነው። በዚህ ስፍራ ካሜራ የተከለ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ነው፤ ቀጥሎም ቀይ ቀበሮን፥ ጅብራንና ጉሙን ያያል። ውርጩ ሳይለቅ በማለዳ የተነሣ ሥዕል እጅግ ያማረ ስለሚሆን፥ ይህንኑ በሩቅ አገር አዳራሽ ተቀምጦ የሚመለከት ሰው፥ የሰው እግር ያልረገጠው ምድር ያየ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሣሩ እስከ ዛሬ ሊቆም የቻለው ሰዎች በሕግ ስለ ጠበቁት ነው፤ ሕጉም ቄሮ ይባላል።

ሣር ለዐይን ይታያል፤ ቀበሮም ይታያል። «እስከዚህ ዓመት ድረስ ማንም እንዳይገባ» የሚል ውሳኔ ግን በአንደበት ይነገራል፥ በጆሮ ይሰማል እንጂ በዐይን አይታይም። እንግዲህ ስለ ዘጋቢ ፊልም የሚነሣው ብርቱ ጥያቄ ይህ ነው፤ በዐይን የማይታየውን የሕዝብ ሥርዐት በሥዕል መመስከር ይቻላልን? የሚቻልስ ከሆነ በየትኛው አቀራረብ ነው? ይህ ጽሑፍ በዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫሎች ላይ የሚታዩትን የዘጋቢ ፊልም ዐይነቶች፥ በተለይም ስለ ኢትዮጵያ ከተሠሩት ምሳሌ እየጠቀሰ፥ ከዚህ ጥያቄ አንጻር ይመረምራል። ሌላ ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ቄሮ ምን እንደ ነበረ በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። በአገሩ ሰው አነጋገር መሠረት፥ ጓሳ የአስቦና የጌራ አቅኚ አባቶች ተወላጆች የጋራ ርስት ነበር፤ የሥርዐቱም ዕድሜ ወደ አራት መቶ ዓመት ይጠጋል ይባላል። ተወላጆቹ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር፤ ለአስቦ አንድ፥ ለጌራም አንድ። አባ ቄራው ከሽማግሌዎች ጋር መክሮ ጓሳውን ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ሣር ማጨድ፥ ማገዶ መልቀምና ከብት ማሰማራት ክልክል ይሆናል። መዘጋቱም እስከ ሦስት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይቆይ ነበር። ሲከፈት ባለመብቱ ሁሉ ይወጣል፤ ሣሩም ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለገሳ ይሆናል። ሕጉን የጣሰ ሰው ቅጣቱ ቀላል አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የርስትን ሥርዐት በሻረ ጊዜ የቄሮም መሠረት ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ማኅበረሰብ ጥበቃውን በሌላ መልክ እንደገና አቋቁሞ፥ ጓሳ በዛሬው ጊዜ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ስፍራ ነው።

መንዝ ለሕዝብ ባሕል ጥናት እንግዳ አገር አይደለም። ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጨረሻ በዚያ ተቀምጠው ያጠኑትን፥ በ1965 ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ በሰፊው ጽፈዋል። ይሁን እንጂ ጥናቱ በብዕር የተደረገ ነው። የካሜራ ጥናት በብዛት የሄደው ወደ ኦሞ ሸለቆ ነው፤ ምክንያቱም ለመገመት አያስቸግርም። ጋቢና በርኖስ ለብሶ በሙግት የሚውል የደጋ ገበሬ፥ ለሩቅ ተመልካች ዐይን የሚስብ ትርኢት አይሆንለትም።

አሁን ወደ ፌስቲቫሉ እንለፍ። ዘጋቢ ፊልም የሚባለው ለልብ ወለድ ታሪክ ተዋናይ ሳይቀጠር፥ በእውነት የሆነውን ነገር ከሆነበት ስፍራና ከባለቤቶቹ ጋር ለማሳየት የሚሠራው የፊልም ዐይነት ነው። ለዚህ ብቻ የተለዩ ወይም ለዚህ ዐይነት ከፍ ያለ ስፍራ የሚሰጡ ፌስቲቫሎች ከተጀመሩ ረጅም ጊዜ ሆኗቸዋል፤ የላይፕሲሹ በ1955፥ የፍሎረንሱ በ1959፥ የአምስተርዳሙ ደግሞ በ1988 ተመሥርቷል። የፍሎረንሱን ያቋቋሙት የኅብረተሰብና የሕዝብ ባሕል ጥናት ሊቃውንት መሆናቸው ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። በፓሪስ ዣን ሩሽ በ1982 የሕዝብ ባሕል ፊልም የሚታይበትን ዓመታዊ ጉባኤ አቋቁመዋል። በአገራችንም የአዲስ አበባው ዓለም አቀፍ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል በኢኒሼቲቭ አፍሪካ አማካይነት ከ2007 ጀምሮ ሲዘጋጅ ቈይቷል።

በእንዲህ ያለ ፌስቲቫል የአርእስቱ ብዛት አእምሮን ያደክማል። ስለ ኢትዮጵያ ብቻ ከተሠሩትና በልዩ ልዩ አገር ከታዩት ፊልሞች መካከል ጥቂቱን ብንጠቅስ፥ በ2006 የወጣው «ጥቍር ወርቅ» የቡና ገበሬውንና የዓለም ገበያን ይመለከታል፤ በ2007 የወጣው «አ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል ስለሚታከሙ ሴቶች ይናገራል፤ በ2012 የወጣው «ታውን ኦፍ ረነርስ» የበቆጂን ወጣት ሯጮች ይከተላል። የአርእስቱ መለያየት ግን ላይ ላዩን ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱንም በአንድ ሳምንት ያየ ሰው ቀስ በቀስ የሚገነዘበው፥ ፊልሞቹ ስለ ምን እንደሚናገሩ ከመለያየታቸው ይልቅ፥ ማን እንደሚናገርባቸውና ተመልካቹን በምን እንደሚያሳምኑት የሚለያዩ መሆናቸውን ነው። ቢል ኒኮልስ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ ይህን ልዩነት በ2001 ባወጡት መጽሐፍ ከስድስት ከፍለውታል። እኛ የእርሳቸውን አከፋፈል በሙሉ መከተል አያስፈልገንም፤ ፊልሞቹም ራሳቸው ለመደርደሪያ ተብለው አልተሠሩም።

ተመልካቹ በብዛት የሚያውቀው አቀራረብ ተራኪ ድምፅ ያለበት ነው። ሥዕሉ ያልፋል፤ የማይታይ ሰው ደግሞ ስለ ሥዕሉ ይናገራል። የዚህ አቀራረብ ኀይል ምን ያህል እንደ ሆነ ከኢትዮጵያ የበለጠ የቀመሰ አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። በ1973 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ከግሼ ወሰን ማዶ ባለው በወሎ የነበረውን ረኃብ አንሥቶ፥ ፊልሙ በጥቅምት 18 ቀን በእንግሊዝ አገር በቴምስ ቴሌቪዥን ታየ። ለሩቁ ተመልካች ዓላማው ግልጽ ነበር፤ የተደበቀውን ረኃብ መግለጥና እርዳታ ማስገኘት። ዓመት ሳይሞላው ይኸው ፊልም በሌላ አገርና በሌላ ዓላማ ተመልሶ መጣ። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲያሳየው፥ በረኃብተኞቹ ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፥ ሰርግና ለውሾች የሚሰጥ ሥጋ ተቀጥሎበት ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

የሕዝብ ባሕል ተማሪ በዚህ ታሪክ ላይ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። የረኃብተኛው ሥዕል በሁለቱም ጊዜ ያው ነው፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። በእንግሊዝ አገር ከጋዜጠኛው ቃል ጋር ሲታይ «ስጡ» ይል ነበር፤ በአዲስ አበባ ከግብዣው ሥዕል ጋር ሲታይ «ፍረዱ» አለ። ሁለቱም ንግግር ሐሰት ነበር ማለት አይደለም። ረኃቡም ግብዣውም የነበረ ነገር ነውና። ይሁን እንጂ በፊልም ላይ ምስክርነቱ ያለው በእያንዳንዱ ሥዕል ውስጥ ብቻ ሳይሆን፥ አንዱ ከሌላው ጋር በተያያዘበት ስፌት ላይም ስለ ሆነ፥ ሰፊውን ያላወቀ ሰው ልብሱን መረመርሁ ሊል አይችልም። ከዚህም ጋር፥ በሁለቱም ጊዜ ስለ ወሎ ገበሬ የሚናገረው ሌላ ሰው እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

የተራኪው አቀራረብ ታናሽ ወንድም የእርዳታ ድርጅት ፊልም ነው። ይህ ለመርሐቤቴ ሰው የታወቀ ነው፤ ካርልሃይንዝ በም የመሠረቱት «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት ከ1992 ጀምሮ በዚያ ወረዳ ሠርቷልና፥ በዓለም ከተማም ሆስፒታል አቁሟል። በም የሲኒማ ተዋናይ ነበሩ። በ1960 በወጣ አንድ የእንግሊዝ ፊልም ላይ የሠሩት፥ ሰዎች ሲሞቱ ፊታቸውን በካሜራ የሚያነሣ ሰው ሆነው ነው፤ እኚሁ ሰው በ1981 በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርበው ለአፍሪካ ረኃብተኞች ገንዘብ መለመን መጀመራቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የእርዳታ ፊልም ባሕርዩ ቀድሞ ይታወቃል፤ ችግሩ ይታያል፥ ረጂው ይደርሳል፥ ውሃው ይፈልቃል። ገንዘብ ለማሰባሰብ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ገበሬው ረጂው ከመምጣቱ በፊት ያደርገው የነበረው ነገር በውስጡ ስፍራ አያገኝም። የቄሮ ዐይነት ሥርዐት በእንዲህ ያለ ፊልም ውስጥ ሊገባ አይችልም፤ ገበሬው ራሱን በራሱ ሲያስተዳድር ያሳያልና፥ ከለጋሹ ኪስ ገንዘብ አያስወጣም።

በሌላው ጫፍ ላይ ያለው የሳይንስ መዝገብ ፊልም ነው። በጀርመን አገር በጌቲንገን ከ1952 ጀምሮ የተሰበሰበው የፊልም መዝገበ ዕውቀት ደንቡ ጥብቅ ነበር፤ አንድ ፊልም አንድ ተግባር ብቻ ያሳያል፤ ለምሳሌ የአንድ ሸክላ አሠራር ወይም የአንድ ጭፈራ ርምጃ፤ አስተያየትም አይጨመርበትም። በዚህ ዘዴ የመንዝ በግ ጠጕር ተፈትሎ ባና ወይም በርኖስ እስኪሆን ድረስ ቢነሣ፥ ከመቶ ዓመት በኋላም ለተማሪ ይጠቅማል። ፌስቲቫል ላይ ግን አዳራሹን ባዶ ያደርገዋል፤ ስለ ቄሮም ሊነግረን የሚችለው ሣሩ እንዴት እንደሚታጨድ ብቻ ነው። ለማጨድ ማን እንደ ፈቀደ አይነግረንም።

ከ1960 አካባቢ ጀምሮ ነገሩን የለወጠው መሣሪያው ነው። ከዚያ በፊት የሕዝብ ባሕል ተመራማሪው ይዞ የሚዞረው በሞላ የሚሠራ 16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ነበር፤ አንድ ጊዜ ቢሞላ ግማሽ ደቂቃ ያህል እንኳ አይሄድም፥ ድምፅም ከሥዕሉ ጋር አይቀዳም። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ማንም የደጋ ሽማግሌ መግቢያውን እንኳ ተናግሮ አይጨርስም። ድምፅን ከሥዕሉ ጋር አስማምቶ የሚቀዳ፥ በትከሻም የሚያዝ መሣሪያ በተገኘ ጊዜ፥ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሳያቋርጡ መቅዳት ተቻለ። ከዚህ የተነሣ ካሜራው ሳይናገርና ሳያዝ ዳር ቆሞ የሚመለከትበት አቀራረብ ተወለደ፤ ተራኪው ዝም አለ፥ ባለቤቶቹም በገዛ ቋንቋቸው ተናገሩ፥ ትርጕሙ ከሥዕሉ ግርጌ ተጻፈ።

ለጥያቄያችን ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ የሚገኘው በዚህ አቀራረብ ነው፤ አገሩ ግን መንዝ ሳይሆን ሙርሲ ነው። ሌስሊ ውድሄድ የተባለው የፊልም አዘጋጅ ከዴቪድ ተርተን ጋር ሆኖ በ1974 ለግራናዳ ቴሌቪዥን የሠራው «ሙርሲ» የተባለው ፊልም፥ ሕዝቡ ከቦዲ ጋር በጦርነት ላይ በነበረበት ጊዜ የተነሣ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጦርነቱን ለማሳየት ይሮጥ ነበር። እነርሱ ግን ብዙውን የፊልም ጊዜ የሰጡት ወንዶቹ ተሰብስበው በየተራ እየተነሡ ለሚያደርጉት ንግግር ነው። ሙርሲ የሚያዝ አለቃ ስለሌላቸው፥ ነገር የሚወሰነው በዚህ የአደባባይ ንግግር ነው። ተመልካቹ አንዱ ሲነሣ፥ ሌላው ሲቃወም፥ ሸንጎውም ቀስ በቀስ ወደ አንድ አሳብ ሲያዘነብል ያያል። በዚህ ጊዜ ሕግ በዐይን ታየ ማለት ይቻላል። ተርተን በዚህ ብቻ አላበቁም፤ ስለ ክዌጉ በ1982፥ ስለ ሙርሲ ፍልሰት በ1985 በወጡት ፊልሞች ሠርተዋል፥ በ1991 ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ፊልሞች ወጥተዋል። በዐሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ እየተመላለሱ ማየታቸው፥ ለእንደ ቄሮ ያለ ነገር ዋና ትምህርት ነው። አንድ ጊዜ ለመዘጋትና ለመከፈት አምስት ዓመት የሚፈጅን ሥርዐት በሁለት ሳምንት ጕዞ አነሣለሁ የሚል ሰው፥ ወይ ተዘግቶ ወይ ተከፍቶ ያገኘዋል፤ ሁለቱን ግን አያይም።

ይህን አቀራረብ ወደ መንዝ ስናመጣው የቋንቋ ችግር ይገጥመናል። ከሥዕሉ ግርጌ የሚጻፈው ትርጕም ከሁለት መስመር አይበልጥም፤ በአንዱ መስመር አርባ ፊደል ያህል ይገባል፥ ከጥቂት ሰከንድ በኋላም ይጠፋል። የደጋ ሙግት ደግሞ በተጠየቅና በምሳሌ የሚሄድ፥ አንዳንዴም ቃሉ አንድ ሆኖ ምስጢሩ ሁለት የሚሆን ንግግር ነው። ሰሙ ግርጌ ላይ ሲጻፍ ወርቁ ይቀራል፤ ወርቁ ሲጻፍ ደግሞ ሸንጎው ለምን እንደ ሳቀ ለባዕዱ ተመልካች አይገባውም። ይህ ችግር መፍትሔ የለውም ለማለት አይደለም። ፊልሙ በመጀመሪያ የሚታየው ለማን ነው የሚለውን ጥያቄ ያስነሣል ለማለት ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ተመልካች ሲሠራ ችግሩ በአብዛኛው ይወገዳል፤ የውጭው ፌስቲቫል ግን የበለጠ ገንዘብና ክብር ስለሚሰጥ፥ አዘጋጁ ሲቀዳም ሲቈርጥም ባዕዱን ተመልካች እያሰበ ይሠራል፥ ለትርጕም የማይመቸው ንግግርም በመጀመሪያ የሚጣለው እርሱ ነው።

ዳር ቆሞ መመልከትን የማይቀበሉም አሉ። ካሜራ በገባበት ቤት ሰው እንደ ወትሮው አይሆንም፤ ስለዚህ መገኘታችንን መደበቅ ውሸት ነው ይላሉ። ዣን ሩሽ ከኤድጋር ሞረን ጋር በ1961 ያወጡት «የአንድ በጋ ዜና መዋዕል» የዚህ አሳብ ምንጭ ነው፤ የተነሡትን ሰዎች ሰብስበው ፊልሙን አሳይተው፥ ተነሺዎቹ የሰጡትንም ትችት ጨምረው ቀድተዋል። በአገራችን የዚህ ጥያቄ ክብደት የታየው በሐመር ነው። ሮበርት ጋርድነር በ1974 ስለ ሐመር ያወጡትን «ሪቨርስ ኦፍ ሳንድ» የተባለውን ፊልም፥ ከሐመር ሰዎች ጋር ለዓመታት የኖሩት ጂን ሊዳልና ኢቮ ሽትሬከር የሕዝቡን ኑሮ አጣሟል ብለው ተቃውመውታል። ጋርድነር ሥዕልን በማሳመር የታወቁ ሰው ናቸው፤ በሴትና በወንድ መካከል ስላለው ግፍ ያላቸውን አሳብም በሐመር ሕይወት ላይ ጽፈውበታል። ሊዳል በኋላ ከጆአና ሄድ ጋር ከ1990 እስከ 1994 ባወጧቸው ሦስት ፊልሞች፥ የሐመር ሴቶች ስለ ጋብቻቸውና ስለ ትዳራቸው ከሚያውቋት ሴት ጋር እየተጨዋወቱ ይታያሉ። በ2001 «ዱካስ ዲሌማ» የተባለውን ሲሠሩ ካሜራውን የያዘችው በሐመር መካከል ያደገች ልጃቸው ነበረች። በጋርድነርና በሊዳል ሥራ መካከል ያለውን ልዩነት የፈጠረው ካሜራው አይደለም፤ ባለቤቶቹ ካሜራ የያዘችውን ሴት በስሟ መጥራታቸው ነው።

በአማርኛ ተናጋሪው አገርም የዚህ ዐይነት ሥራ አለ። ኢትሱሺ ካዋሴ የተባሉት ጃፓናዊ የሕዝብ ባሕል ተመራማሪ በ2005 ባወጡት ፊልም፥ ጎሕ ሲቀድ በየደጁ እየዞሩ እያዜሙ የሚለምኑትን ላሊበላዎች በጎንደር ከተማ ተከትለዋል። ፊልሙ ስለ ላሊበላዎች ታሪክ ትምህርት አይሰጥም፤ ደጁ ሲከፈትና ሳይከፈት ሲቀር፥ የቤቱ ሰው ሲመርቅ፥ ሲያሾፍና ሲያባርር ያሳያል። በ2006 የወጣው «የኢትዮጵያ ሆቴል ክፍል 11» ደግሞ በጎንደር ጎዳና ላይ ኑሯቸውን የሚገፉ ሁለት ልጆች ከአንሺው ጋር በአንድ የሆቴል ክፍል ውስጥ ሲጨዋወቱ የሚያሳይ ነው። ካሜራ የያዘው ሰው በአማርኛ ሲመልስላቸው ይሰማል። ሰፊ አገር አይታይም፤ ተመልካቹ ግን ስለ ልጆቹ የሚያውቀው ከብዙ ሰፋፊ ሥዕል ይበልጣል።

የቅኔ ጠባይ ያለውን አቀራረብ በአጭሩ አልፋለሁ፤ ከሁሉ የሚያንስ ሆኖ ሳይሆን፥ ለያዝነው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ጥቂት ስለ ሆነ ነው። ጄሲካ በሽር በሐረር አካባቢ ስለ ጫት ለብዙ ዓመት ስትሠራ ቈይታ በ2021 ያወጣችው «ፋያ ዳዪ»፥ በጥቍርና በነጭ የተነሣ፥ ጢስና ጸሎት የሞላበት ፊልም ነው፤ በዚያው ዓመት በኒዮን ከተማ በስዊዘርላንድ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። ስለ ጫት ዋጋና ገበያ መረጃ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። ጫት የሰውን ጊዜ ምን እንደሚያደርገው ለሚጠይቅ ግን ተራኪ ያለው ፊልም ሊነግረው የማይችለውን ይነግረዋል። የጓሳ ጉምና ዝምታም እንዲህ ሊነሣ ይችላል፤ ሕጉ ግን በጉሙ ውስጥ ይጠፋል።

የራስን ቤት ታሪክ የሚከተለው አቀራረብ በተለይ ከአገር ውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ብዙ ተሠርቶበታል። ሳሌም መኵሪያ በ1990ዎቹ ያወጡት «የወንዝ ማዕበል» እና ታማራ ዳዊት በ2020 ያወጣችው «ፋይንዲንግ ሳሊ» ሁለቱም በአብዮቱ ዘመን ከቤተሰባቸው የጠፋውን ሰው ይፈልጋሉ። ተመልካቹን የሚያሳምኑት በፈላጊዋ ጭንቀት ነው። አንድ የአባ ቄራ የልጅ ልጅ በዚህ መንገድ የአያቱን ሥራ ቢፈልግ፥ ብዙ ሊያገኝ እንደሚችል አምናለሁ።

የተነሣንበትን የአውሬ ፊልም የመጨረሻ አድርጌ ያቈየሁት አላግባብ ስለሚናቅ ነው። የአውሬ ፊልም የራሱ ዕውቀት አለው። በጓሳ ከተደረገው ጥናት አንዱን ብንጠቅስ፥ በ2015 በታተመ ጽሑፍ እንደ ተገለጸው፥ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ሲሳካለት፥ ለብቻው ሲያድን ግን የሚሳካለት 25 ጊዜ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹ ቀበሮውን አይሸሹትም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። ይህ ያለ ትዕግሥትና ያለ ጥሩ ካሜራ ሊታይ የማይችል ነገር ነው። ጉዳዩ የሚከፋው አንሺው እረኛው እስኪያልፍ፥ በጎቹም ከሥዕሉ እስኪወጡ ድረስ ሲጠብቅ ነው። ይህ በአውሬ ፊልም ሥራ የተለመደ ነው፤ ተመልካቹ «ዱር» እንዲያይ ስለሚፈለግ ነው። በጓሳ ላይ ግን እረኛውን ከሥዕሉ ማስወጣት ባለቤቱን ከርስቱ እንደ ማስወጣት ይሆናል። ባለቤት የሌለው መስሎ በየአገሩ የታየ መሬት፥ ነገ ስለ አጠባበቁ ምክር ሲደረግ፥ የገሩን ሽማግሌ ቃል የሚሰማ ሰው ሊያጣ ይችላልና።

እንግዲህ ቄሮ በምን ይነሣ? በአሁኑ ጊዜ ያለው የማኅበረሰብ ጥበቃ፥ ስብሰባውና ክርክሩ፥ በሙርሲው ፊልም መንገድ ሊቀዳ ይችላል። የቀድሞው አባ ቄራ ሸንጎ ግን ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የለም። የሌለ ነገር ወይ ይተረካል፥ ወይ እንደገና ተሠርቶ ይታያል። እንደገና መሥራት ደግሞ ከዘጋቢ ፊልም ልደት ጀምሮ ያለ ፈተና ነው። ሮበርት ፍላኸርቲ በ1922 ባወጡት «ናኑክ» ላይ፥ ጠመንጃ የለመዱትን የሰሜን በረዶ አገር ሰዎች በአባቶቻቸው ጦር እንዲያድኑ አድርገዋል፤ ብርሃን እንዲገባም የበረዶውን ቤት በግማሽ ሠርተው አንሥተዋል። ዋናው ሰው አላካሪያላክ የሚባል ሲሆን፥ በፊልሙ ናኑክ ተባለ፤ የሸክላ ማጫወቻም እንግዳ ሆኖበት ሸክላውን ሲነክስ ታየ፥ እርሱ ግን ነገሩን ያውቀው ነበር። ፊልሙ እስከ ዛሬ ይወደዳል፥ እስከ ዛሬም ይወቀሳል።

ከዚህ የተሻለ መንገድ መኖሩን ኀይሌ ገሪማ በ1974 በአገር ቤት አንሥቶ ባዘጋጀው «ምርት ሦስት ሺሕ ዓመት» አሳይቷል። ፊልሙ ድርሰት መሆኑን አይደብቅም፤ ነገር ግን ገበሬዎች ራሳቸው የገዛ ሥራቸውን እየሠሩ በገዛ አማርኛቸው ስለሚናገሩበት፥ አርሶ አደሩ ሞፈር ሲይዝ ያለው እውነት በድርሰቱ ውስጥ ሳይፋቅ ቀርቷል። የጌራና የአስቦ ተወላጆች፥ እንደገና መሠራቱ በግልጽ ተነግሮ፥ ጓሳ የሚዘጋበትን ሸንጎ በገዛ እጃቸው ቢያሳዩ፥ አንዱ «አባቴ እንዲህ አላለም» እያለ ሌላውን ማቋረጡ አይቀርም። አዘጋጁ ያን መቋረጥ ቆርጦ መጣል የለበትም፤ የሕጉ ዝርዝር ተደብቆ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

ጊዜው ግን አጭር ነው። በ1967 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰባ ደርሷል፤ በሸንጎው ላይ የተናገሩት ደግሞ ከእርሱ የሚበልጡት ነበሩ። ስለዚህ በመጀመሪያ መቀዳት ያለበት ድምፅ ነው፤ ጓሳው መዘጋቱ በምን ቃል ይነገር እንደ ነበር፥ አባ ቄራው የት እንደሚቆም፥ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፥ ተቃዋሚ ሲኖር በምን እንደሚመለስለት። ለዚህ ትልቅ ካሜራ አያስፈልግም፤ አገሩን የሚያውቅ አንድ ተማሪ ይበቃል። ሥዕሉ ከተነሣ በኋላም መጀመሪያ መታየት ያለበት በአምስተርዳም ወይም በአዲስ አበባ ሳይሆን በመሐል ሜዳ ነው። የዚያን ዕለት ማታ በጌራና በአስቦ ሰዎች መካከል ስለ ፊልሙ የሚነሣው ክርክር ሳይቋረጥ ይቀዳ፤ እርሱ የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል ይሆናል።